የበያጁ ወረቀት

"ሰዓቷ" የሚሏት ሴት የበያጁን በር ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳች። መልስ የለም። እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰዳ፣ ዕፅ በዝቶበት ለወደቀ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት ጨበጠች።

"ተኝቶ ይሆናል የኔ ልጅ፤ እንቅልፍ ከያዘው ጉድ ነው" አሉ የበያጁ እናት ከኋላዋ። "ማን ልበለው?"

"የሥራ ባልደረባው ነኝ እማማ።"

ውሸቷን ነው። የምትሠራው ከዕፅ ሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎች በሚደጋገፉበት ቤት ነው፤ እሷም ከዚያው መከራ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ከቀጠሮ ዝንፍ ስለማትል ስሟን ትተው "ሰዓቷ" ይሏታል። እዚያ ቤት ማንም በማንም ላይ አይወስንም። እያንዳንዱ ሰው ከዚያ ድንገት ከቀረ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ አንዱ ቅጂ እዚያው ይቀመጣል፣ ሌላው ከራሱ ጋር። በወሩ የመጨረሻ ሰኞ ያልተስማማውን ይሰርዛል፣ ያሻውን ይጨምራል።

በያጁ የጻፈው "ከቀረሁ ተዉኝ፤ ሦስት ቀን ሲሞላ ኑ። እናቴ እንዳትሰማ" የሚል ነበር። "ለኩርፊያ ሦስት ቀን አያንሰኝም" ብሎም አስቋት ነበር።

ሰኞ፣ ልክ ወረቀቱ በሚታደስበት ዕለት ቀረ። ማክሰኞ ልትመጣ ጫማዋን ካሰረች በኋላ መልሳ ፈታችው። ቃሉን ላክብርለት ብላ ቀኑን ቆጠረች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

"ድምፁን መቼ ሰሙት እማማ?"

"ትናንት ሲያስል ነበር።" እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን እንደሚወስድ አውቃለሁ እኮ። እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው ያላወቅኩ የመሰልኩት። በሩን መፈልቀቂያ ፌሮ ላምጣልሽ?"

ራሱ የበየደው መቀርቀሪያ አልበገር አላቸው። ሁለቱም ፌሮው ላይ ተንጠላጥለው ፈለቀቁት።

በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። አንገቱን ነካችው፤ ቀዝቅዟል። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው እጇ ላይ ቀረ። እናትየው ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ሳቡለት።

ትራሱ አጠገብ የራሱ ቅጂ ተቀምጧል። የድሮው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከሥሩ ሌላ ተጽፏል። ሰኞ ይዞት ሊመጣ ነበር። ሰዓቷ አንብባ ስትጨርስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ይላል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ እናትየው።

ልትዋሽ አሰበች። አፏ እንቢ አላት።

"'የቀረሁ ዕለት ኑ' ይላል። 'ለእናቴም ንገሯት' ይላል።"

"የቀረው መቼ ነበር?"

"ሰኞ።"

እናትየው የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ዛሬስ ምንድን ነው?"