ማልያውን ያጠበ ሰው

ማልያዎቹን አንድ በአንድ ከቦርሳው አውጥቼ በመኪናዬ ኮፈን ላይ እዘረጋለሁ። ሰባት ቁጥሩ አሁንም አልደረቀም። ጋሼ ጀማነህ ካርቶን ተሸክመው ፓርኪንጉን አቋርጠው ይመጣሉ፤ ሁለት የማላውቃቸው ወጣቶች ይከተሏቸዋል።

"ተወው እሱን፣ አንድርያስ" ይሉኛል፣ ካርቶኑን ከማልያዎቹ አጠገብ አስቀምጠው። "ከዛሬ ጀምሮ የምትለብሱት ይሄን ነው።"

አዲሶቹ ማልያዎች ያምራሉ። ጨርቃቸው ቀላል ነው፤ ደረታቸው ላይ የጋሼ ጀማነህ የጭነት ድርጅት ስም አለ። ከእኛ ልጆች ግማሹ ግሮቭፖርት በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር የእሳቸውን የጭነት መኪና ነድቷል። በሐምሌ ለሚደረገው የሐበሾች ውድድር ትራንስፖርቱንም ሆቴሉንም እችላለሁ ብለዋል። አምና ሰው ጎድሎን ዘጠኝ ሆነን ነው የሄድነው፤ ምን እንደደረሰብን ማንም ማስታወስ አይፈልግም።

"እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው" ይላሉ። "አሰላለፉን እኔ አወጣለሁ። እነዚህ ኮሌጅ የተጫወቱ ልጆች ናቸው፣ ይገባሉ። ጸጋዬ ይወጣል።"

ጸጋዬ እዚያው አጠገባችን መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ ከመጋዘን ሺፍቱ ቀጥታ ነው የመጣው።

"እሱ ፊቱን እስኪያዞር እኔ ትሬለር ወደ ኋላ ባክ አደርጋለሁ" ይላሉ ጋሼ ጀማነህ።

"የእርስዎ ትሬለር እኮ" ይላል ጸጋዬ ቀና ሳይል፣ "ባለፈው ሲዞር የሰው አጥር ይዞ ነው የመጣው።"

ሁሉም ይስቃል፤ ጋሼ ጀማነህም ይስቃሉ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ልጆቹም የሚያዩት እኔን ነው፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ ነኝ።

ቡድናችን አሰልጣኝ የለውም። ሲመሠረት መሥራቾቹ ማን ይሁን በሚለው መስማማት ስላቃታቸው፣ ማልያውን ወስዶ ያጠበ ሰው የሚቀጥለውን እሑድ አሰላለፍ ያውጣ ተባለ፤ እንደዚያው ቀረ። በዚህ ሕግ ሙክታር አንድ ጊዜ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ወንድሙን በረኛ አድርጎ ጉድ ሠርቶናል። ማንም አልተጣላውም። ሁሉም ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል።

"አልችልም፣ ጋሼ" እላለሁ። "ተራው የእኔ ነው እንጂ ቡድኑ የእኔ አይደለም። የእኔ ያልሆነውን እንዴት ልስጥዎት?"

"ለዚህ እኮ ነው የማታድጉት። ትልቅ ክለብ ባለቤት አለው።"

"የከተማችንን ፕሮፌሽናል ክለብ ባለቤቱ ወደ ቴክሳስ ሊወስደው ሲል፣ ያስቀረው ደጋፊው ነው።"

"ደጋፊው ጮኸ። እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ጮኼአለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ባለሀብት ገዛውና ቀረ። አዲሱን ስታዲየም አይተኸዋል? ጩኸት ነው የሠራው?"

እውነታቸውን ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ለራሴ ስነግር ገዢው ላይ ሳልደርስ ነበር የማቆመው። ቢሆንም አንድ ነገር ይቀረኛል።

"ማንም ያልጮኸለትን ክለብስ ማን ይገዛዋል?"

ጋሼ ጀማነህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ሰጥቼ ልሂድ?" ይሉኛል። ንዴት ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን የምር እየጠየቁኝ ነው።

"ዛሬ ስንጨርስ ቦርሳውን ይውሰዱ። የሚቀጥለው እሑድ አሰላለፍ የእርስዎ ነው። ያኔ ጸጋዬን ማስቀመጥ ከፈለጉ ያስቀምጡታል።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላ የሚልኪ ተራ ነው።"

ሚልኪ እዚሁ ዋይትሆል ሰፈር ተወልዶ ያደገ ተከላካያችን ነው፤ አንቱ ማለት አይሆንለትም። "ዶንት ወሪ፣ ጋሼ" ይላቸዋል። "በረኛ አደርግሃለሁ።"

ጋሼ ጀማነህ አይስቁም። ካርቶኑን አንስተው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። የሐምሌው ጉዞ አብሯቸው ሲሄድ ይታየኛል። ልክ ነህ የሚለኝ ሰው እጠብቃለሁ፤ አላገኝም። ዮአብ ብቻ፣ "እንግዲህ በእግራችን እንሄዳለና" ይላል፣ ካልሲውን እየሳበ።

አሰላለፉን እናገራለሁ። ካርቶኑ ቢመለስም ሁለቱ ወጣቶች አልሄዱም፤ አንዱን አሁን አስገባዋለሁ፣ ሌላው ከዕረፍት በኋላ ይገባል። ጸጋዬ በግራ መስመር ይጀምራል። ለአዲሱ ልጅ ቦታ የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ራሴን አስቀምጣለሁ።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ጀማነህ መጥተው መስመሩ ላይ አጠገቤ ይቆማሉ። ጸጋዬ ይታለፋል፤ ጎል ይገባብናል። አላልኩህም እስኪሉኝ እጠብቃለሁ፤ አይሉኝም። አዲሱ ልጅ ሦስት ሰው አልፎ ለግብ የቀረበ ኳስ ሲመታ እኔም አፌን ይዤ አያለሁ፤ እሱን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ስለ ሐምሌ አያነሱም። እኔም አልጠይቅም።

ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ፣

"በሙቅ ነው በቀዝቃዛ?" ይሉኛል።

"በቀዝቃዛ። በሙቅ ከታጠበ ቁጥሩ ይላቀቃል።"

ጠዋት ዘንቦበት ሜዳው ጨቅይቷል። ኳሱ በእኛ በኩል ይወጣል፤ ጸጋዬ እያለከለከ መጥቶ ያነሳዋል። ከመወርወሩ በፊት ጭቃውን ደረቱ ላይ አሽቶ ይጠርጋል። ጋሼ ጀማነህ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ማልያው ሲቆሽሽ ያያሉ።