የማጅራት ድንጋይ

የህሩይን ወንድም የገደለው ሰው የወፍጮ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከህሩይ እግር ሥር ተንበረከከ። ሽማግሎቹ ለእርቁ ሲሉ ከሁለቱም ወገን መሣሪያ ሰብስበው ነበር፤ ህሩይ ግን ዓይኑን ከሰውዬው ኩታ አልነቀለም። እነዚህን ሰዎች ማን ያምናል? ከዚያች ኩታ ሥር ምን እንደተደበቀ ማን አየ?

"እጅህን አሳየኝ!" አለው።

ገዳዩ ድንጋዩን ሳይጥል መዳፎቹን ዘረጋ። ባዶ ነበሩ።

"ወገብህንስ?"

ኩታውን ገለጠ። ከቀበቶው በቀር ምንም አልነበረም።

"እንግዲህ ይበቃል፤ አውርድለትና ደሙ ይድረቅ" አሉ ከሽማግሎቹ ጋር የተቀመጡት ቄስ።

ህሩይ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በግራ እጁ ሊያነሳ ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሞከረ።

"ምነው ልጄ፣ በሁለት እጅህ እንጂ!" አሉ ቄሱ።

ህሩይ አሁንም በግራው ታገለ። ላብ ያጠመቀው ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ሽጉጡን እንደጨበጠ ነበር።