የነሐሴው ፈተና

«ክንድህን ስጠኝ፤ ይኼ ሲሚንቶ ያንሸራትታል» አሉኝ ሚስ አርሊን። ሰጠኋቸው።

ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ባለው መውጫ ተሰልፈን ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። በሜዳችን የዓመቱ የመጨረሻ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነው። በዚህ ቀን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር አንድ በአንድ ወደ ሜዳው መሀል ይወጣሉ፤ ለእናቶች አበባ ይሰጣል። ሚስ አርሊንን የሚያወጣቸው ልጅ የለም። ልጃቸው ዌንደል መስከረም መጨረሻ ላይ በጨዋታ መሀል ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የኔ አባት ባሕር ላይ ካለው የነዳጅ ማውጫ ፈቃድ ስላላገኘ አልመጣም። አሰልጣኙ «አንድ ክፍል ነው የኖራችሁት፤ አንተ ታወጣቸዋለህ» አለኝ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ከፊታችን የቆመው ተጫዋች ትሬቨን እናቱን ያበሽቃል።

«እማዬ፣ በዚህ ባርኔጣ እኮ እኔ አልታይም።»

«ዓመቱን ሙሉ ማን አየህና? ወንበር ስታሞቅ ከርመህ!»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሚስ አርሊንም ሳቁ። የሁሉም ሰው ፊት ፈክቷል። ዘጠኝ አሸንፈን አንድ ብቻ ተሸንፈናል፤ ዛሬ ከቀናን ዋንጫው የኛ ነው። ዌንደል ከሞተ ወዲህ ማንም አላሸነፈንም። «ለዌንደል!» እያልን ነው የምንገባው። እኔም ከሁሉ አብልጬ እጮሃለሁ።

ሚስ አርሊን ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ኮሌጁ ከላከልኝ ዶሴ ውስጥ ነው ያገኘሁት። አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ።»

ሳይገልጡት አወቅሁት። በነሐሴ፣ ልምምድ ሳንጀምር፣ ሁላችንንም ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡናል። ቃላትና ቅርጾች ያሳዩንና ያስታወስነውን ይጠይቁናል። በዓመቱ ውስጥ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ ውጤቱ ከነሐሴው ካነሰ ያርፋል፣ ካላነሰ ይጫወታል።

«ከመቶ ልጆች ዘጠናው ይበልጡታል ይላል» አሉ። «ዌንደልን! በስድስት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይደግም የነበረውን! ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የልጆቹ ቤት ሲጠፋኝ እሱ ነበር የሚመራኝ።»

ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ሐምሌ ላይ ሣር ሲያጭድ ውሎ ራሴን አመመኝ አለኝ። ፀሐይ ነው፣ ውሃ ጠጥተህ ጋደም በል አልኩት። ሩፈስ ልጄ፣ ያኔውኑ ታሞ ነበር ማለት ነው። ሐኪም ሳላሳየው፣ የታመመ ልጅ በገዛ መኪናዬ ጭኜ አመጣሁላችሁ።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲያወጡ ሲያወርዱት የከረሙት ነገር ነው።

ስም ዝርዝር የያዘው ረዳት አሰልጣኝ በአጠገባችን አለፈ። «ሁለት ሰው ቀረ፣ ሚስ አርሊን። ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ፤ ተባረክ።»

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዘዴውን ያስተማረኝ ልጅ ተመርቆ ሄዷል፤ ያስተማርኩት ሞቷል።

«አልታመመም ነበር» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ነሐሴ ላይ ጤነኛ ነበር። አውቆ ነው የተሳሳተው። ብዙዎቻችን አውቀን ነው የምንሳሳተው። መጀመሪያ ዝቅ ካልክ፣ ብትመታም ከዚያ በታች አትወርድም፤ ከሜዳ አያስወጡህም። እሱ አልፈለገም ነበር። በትክክል መመለስ ሲጀምር በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።»

ዌንደል ያን ቀን «እናቴ ይህን ውጤት ብታይ ቆዳዬን ትገፈዋለች» ብሎ እስኪያለቅስ እንደሳቀ ግን አልነገርኳቸውም።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንትም ተመትቶ ነበር» አልኩ። «ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስሜ ጠፋው። ለማንም አልተናገርኩም። ማክሰኞ ፈተናውን ደግሞ አለፈ፤ ቅዳሜ ገባ።»

ሚስ አርሊን እጃቸውን ከክንዴ አወጡ። ወረቀቱን አጠፉ፤ አልገጥም ሲላቸው ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ቦርሳቸውን ዘጉ።

«ያንተስ ወረቀት ስንት ይላል?»

«ከሱም ያነሰ።»

«ዘንድሮ ጭንቅላትህን ተመትተሃል?»

የትሬቨን ስም ተጠራ። እናቱ ባርኔጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሕዝቡ ጮኸ።

«ሁለቴ» አልኩ።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ዛሬም ልትገባ?»

«የዋንጫ ጨዋታ እኮ ነው፣ ሚስ አርሊን።»

ቀና ብለው አዩኝ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሉኝ በወደድኩ።

«ቁጥር አርባ አራት፣ ዌንደል ጊድሪ!» አለ ድምፅ ማጉያው። ስታዲየሙ ጸጥ አለ።

ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። በሌላው እጄ ያንጠለጠልኩትን፣ ያለሱ የማያጫውቱኝን ሄልሜት ከጣቶቼ አስለቅቀው ብብታቸው ሥር ሸጎጡትና ብቻቸውን ወጡ።

«ምን ትጠብቃለህ? ተከተላቸው እንጂ!» አለኝ ረዳቱ ከኋላዬ። ባለሁበት ቀረሁ።

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ። የልጃቸው ሄልሜት መስሎታል። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። አበባ የያዘችው ልጅ ሜዳው መሀል ተጠጋቻቸው፤ ሚስ አርሊን አልቆሙም። እንደዚያው እየተራመዱ፣ ጭብጨባው እየተከተላቸው፣ ሜዳውን አቋርጠው በወዲያኛው በር ወደ መኪና ማቆሚያው ወጡ።