ኩርባው ላይ የቀረ ድንጋይ

«የእጅ ፍሬኑ አይዝም፤ ዳገት ላይ ከቆምሽ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊ። ስትነሺ ግን መጀመሪያ ድንጋዩን አንሺ። አንቺ ብታልፊው ከኋላሽ የሚመጣ አለ።»

ሄኖክ ሚስቱን ሳያትን ይህን ያላት ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ በተጋቡ ሰሞን፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ በአሮጌዋ መኪናቸው መንዳት ሲያስተምራት። ሳያት ሳቀች።

«ይሄ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ይሄ የሰው ፈተና ነው» አላት።

ሄኖክ ከሞተ አምስት ወር ሆነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሆነው በፍቼ ዋዜማ፣ ይርጋለም ወፍጮ ጠግኖ በሞተር ሳይክል ወደ ሐዋሳ ሲመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ኩርባው ላይ ከቀሩ ሁለት ድንጋዮች ጋር ተጋጨ። የትራፊክ ፖሊሱ አጭር አድርጎ ጻፈው፤ የተበላሸ መኪና ቆሞ ነበር፣ ድንጋዩን ሳያነሳ ሄዷል፣ መኪናው አልታወቀም። ስልኩ ሲጮህ ሳያት እናቷን ጠይቃ፣ አሮጌዋን መኪና ነድታ ተመልሳ ልጇን እያጠበች ነበር። ያነሳችው የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ እንዳለ ነው።

ለቅሶው ላይ አማቷ ብርሃነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ጌታ ሆይ፣ ያንን ሰው አጋልጠው።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ሳያትም አሜን አለች።

ድንኳኑ በተነሳ በወሩ አሮጌዋን መኪና አስነስታ መውጣት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ብቻዋን። አንድ ቀን ዲላ፣ አንድ ቀን ሻሸመኔ፣ አንድ ቀን ሶዶ። ጎሚስታ ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ጋራዥ ባየች ቁጥር ትገባለች። «በፍቼ ዋዜማ፣ የይርጋለም መንገድ ኩርባው ላይ ስለቆመ መኪና የሰማችሁት አለ?» ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተመልሳ መኪናው ውስጥ ትገባና መስኮቱን ዘግታ፣ መሪውን ይዛ ትጮሃለች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደሚቀጥለው ትነዳለች። ከመክሳቷ የተነሳ ቀለበቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር ጠቅልላ አጠበበችው።

የአራት ዓመቷ ሐዳሳ በር ላይ ቀሚሷን ትይዛለች።

«ማሚ፣ መኪናው ዛሬም ይጨሳል?»

«አይጨስም። ውሃ ጨምሬበታለሁ።» ቢጫውን ጀሪካን ከኋላ ወንበር ሥር ትከትና ልጅቷን ለአያቷ ትታ ትሄዳለች።

ጎረቤቷ ታቢታ አላስቻላትም። «እሷ ሐዘንተኛ ናት ወይስ አገር ጎብኚ?» ትላለች በአጥሩ ማዶ፣ እንድትሰማት ጮክ ብላ።

ነገሩ በአማቷም ልብ ውስጥ ገባ። አንድ ቅዳሜ የመኪናውን በር ያዙ።

«ልጄ፣ ሰው ካለሽ ንገሪኝ። ወጣት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ልጅቷን እየጣሉ መንከራተት ግን ምንድነው?»

«የምፈልገው ሰው አለ፣ እማዬ። እስካሁን አላገኘሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የሄኖክ ታናሽ ወንድም ሕዝቅያስ ግን ፍለጋዋ ገብቶታል። እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል። ከወንድሙ ሞት ወዲህ በየመንገዱ ድንጋይ ባየ ቁጥር ወርዶ ያነሳል፣ ይሳደባል።

«ታርጋውን ብቻ አምጪልኝ» አላት። «ሌላው የኔ ሥራ ነው።»

«ምን ታደርገዋለህ?»

«እናቴ ፊት አቆመዋለሁ። ከዚያ እስር ቤት።»

«ልጅ ቢኖረውስ?»

«ሄኖክስ ልጅ አልነበረውም?»

ሳያት ጀሪካኑን አንስታ ውሃ ልትሞላ ሄደች።

በመስከረም፣ የምትጠይቀው ጋራዥ አለቀ። የቀረው ራሱ ኩርባው ነበር። እናቷ የሚኖሩት ይርጋለም ስለሆነ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ከሄኖክ ወዲህ ግን ኩርባው ጋ ስትደርስ ነዳጅ ረግጣ ነበር የምታልፈው። ያን ቅዳሜ በዝናብ ውስጥ ቆመች። መንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት ላስቲክ ወጥረው አናናስ ይሸጣሉ። ሙሉጌጥ ይባላሉ። ቦታው አምስት ወር ሙሉ ባዶ ነበር።

«እናቴ፣ በፍቼ ዋዜማ እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ ልጄ። በማግስቱ ነው ልጄ ወለደች ተብዬ የሄድኩት። ይኸው ገና መመለሴ ነው።»

«ስንት መኪና ቆሞ ነበር?»

«አንድ።»

«ሁለት ሊሆን ይችላል። ሲመሻሽ ሌላ መኪና ቆሞ ይሆናል እኮ፣ እናቴ። ያስታውሱ እስቲ።»

«አንድ ነው ያልኩሽ! ትንሽ መኪና፣ ኮፈኑ ተከፍቶ እንደ ጎጆ ሲጨስ። እኔ ዝናብ ሸሽቼ ማዶ ካለው ቤት በር ላይ ነበርኩ፤ የሾፌሩን መልክ አላየሁም። ውሃ አጠጣውና ተቻኩሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክሉ እስኪመጣ ማንም አልቆመም። አናናሴ መንገድ ላይ ስለነበር ዓይኔን አልነቀልኩም።» አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ለአናናሱ እንጂ ለድንጋዩ ማን ልብ አለ፣ ልጄ? ሲወድቅ ሮጬ የደረስኩት እኔ ነኝ። ስም ይጠራ ነበር።»

«የማንን ስም?»

«ሳያት፣ ሳያት ይል ነበር። ታውቂያታለሽ?»

ሳያት ዝናቡ ላይ ቆመች። አሮጊቷ ላስቲኩ ሥር ግቢ ቢሏትም አልሰማችም።

ሐዋሳ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች። ሕዝቅያስ ግቢ ውስጥ ባጃጁን ያጥባል፤ ብርሃነሽ በረንዳው ላይ የሐዳሳን ፀጉር ይሠራሉ። ሳያት ወርዳ በሩን ዘጋች።

«ዛሬስ?» አላት ሕዝቅያስ እንደልማዱ።

«አገኘሁት።»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ብርሃነሽ ማበጠሪያውን እንደያዙ ተነሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። ሕዝቅያስ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ወረቀት ቢያጣ መዳፉን ዘረጋ።

«ታርጋውን ንገሪኝ!»

ሳያት የሻርፗን ጫፍ ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ጎንበስ ብላም አሁን ከወረደችበት መኪና ታርጋ ላይ ጭቃውን ጠረገችለት።