አቶ ካሱ ያልላኳቸው ሽማግሌዎች

አሮን ካሱ የሰው ስድብ ይሰበስባል። የምሬን ነው፤ ሥራዬ ብሎ የያዘው እሱን ነው። አራሹ ሸማኔውን፣ ሸማኔው ሸክላ ሠሪውን የሚያዋርድበት ስም ከየት መጣ ብሎ ለሁለተኛ ዲግሪው ያጠናል።

ከስሞቹ ሁሉ አንዱ አንጀቱን ያሳርረዋል። ማና። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ ሸክላ ሠሪዎችን እንዲህ ይሏቸዋል፤ ዛሬም ከእነሱ መጋባት የሚጠየፍ ሞልቷል። ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ ገረሴ ወጥቶ ስሙን ማን እንዳወጣው ቢጠይቅ አንዱ ሽማግሌ “መሬት ስላልነበራቸው ነው” አሉት። ሌላው “አፈር ስለሚያቃጥሉ ነው” አሉ። ሦስተኛው “ድሮም የሚባሉት እንዲሁ ነው” ብለው ገላገሉት።

ሉሊትን ያገኛት ያኔ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሻሺቱ እንስራ እየሠሩ፣ ገበያ እየሸጡ፣ ብቻቸውን አሳድገው ነርስ አድርገዋታል። ልጁ ሊጠይቅ ሄዶ ልቡን ጥሎ መጣ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ የአባት ነው። አቶ ካሱ አርባ ምንጭ የታወቁ የሙዝ ነጋዴ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። “በእግዚአብሔር ፊት ሁላችንም አንድ ነን” ሲሉ ጉባኤው አሜን ይላል። ዘመድ የሚባል የላቸውም፤ “አልቀዋል” ይላሉ፣ በቃ። ደግሞ ጥንቃቄያቸው! ሚስታቸው ወይዘሮ ወለቴ የሸክላ ድስት ስትገዛ አብረው ሄደው በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ካላዳመጡት አያስገዟትም። “ወንድ በድስት ምን አገባው!” እያለች ትስቅባቸዋለች።

እሑድ ከምሳ በኋላ አሮን ስልኩን አውጥቶ የሉሊትንና የእናቷን ፎቶ አሳያቸው።

“አባዬ፣ ሽማግሌ ላክልኝ።”

አቶ ካሱ መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ፣ አዩና “የማን ልጅ ናት?” አሉ።

“የወይዘሮ ሻሺቱ። ገረሴ ሸክላ ይሠራሉ።”

ስልኩን መለሱለት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አሮን ንዴት መሰለው።

“ይህችን ተው።”

“ለምን?”

“ተው አልኩህ፣ ልጄ። ሌላ አምጣ፤ የማንም ልጅ ትሁን፣ ተንበርክኬ እለምንልሃለሁ። ይህችን ግን ተው።”

“ማና ስለሆነች ነው?”

“ኧረ በኢየሱስ ስም!” አለች ወለቴ።

አቶ ካሱ መሬት መሬቱን አዩ። “አዎ” አሉ። “ስለሱ ነው።”

አሮን ከመቀመጫው ተነሳ። እንባው መጣ። “ስሙን ማን እንዳወጣው ስፈልግ አገር ለአገር ተንከራተትኩ” አለ። “ለካ እቤቴ ነው ያለው!”

ያን ቀን ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየ። አባቱ በር ድረስ እየመጡ አንኳኩ፤ አልከፈተም። የሚወዱት አባት እንዲህ ሲገኙ ምን ይባላል? አንጀት ይቆርጣል። ሉሊት “አይተውኝ እንኳ የማያውቁ ሰው” እያለች ስታለቅስ ደግሞ ይብስበታል።

በመጨረሻ ወሰነ። ሽማግሌ ቢቀር ይቅር፤ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ለእናቱ ደውሎ ነገራት፤ እሷም ለባሏ።

አቶ ካሱ ይህን ሰምተው ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ። አሮን ሆስፒታል ሲደርስ አንደበታቸው ተይዟል። የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ የለም።

“ይቅርታ ካልሆነ መስማት አልፈልግም” አላቸውና እጁን አላቀቀ።

በማግስቱ አረፉ። ያቺን ቃል ከመናገሬ በፊት ምነው ምላሴ በተቆረጠ አለ፤ ምን ዋጋ አለው!

በለቅሶው ቀን ሉሊት እናቷን ልታስቀር ሞክራ ነበር። “እማዬ፣ የናቁን ሰው እኮ ናቸው። ምን ልታደርጊ?”

“ልጄን ሊያገባ ያሰበ ልጅ አባቱ ሞቶበት እንዴት እቀራለሁ?” አሉ ሻሺቱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ አወቃቸውና አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ፈቀቅ አለ። አሮን ደሙ ፈላ። እዚያው ሰው ሁሉ እያየ የሻሺቱን ክንድ ይዞ፣ በመዘምራኑ መሃል አሳልፎ፣ የአባቱ የጎልማሳነት ፎቶ ወደቆመበት ወደ ፊት ወሰዳቸው። ይዩ ብሎ ነው። ሟቹም ይዩ ብሎ ነው።

ሻሺቱ ፎቶውን ቀና ብለው አዩ። ክንዳቸውን ከአሮን እጅ አስለቅቀው ፎቶው ላይ ተጠመጠሙ። በወንጌላውያን ለቅሶ ላይ ጩኸት አይወደድም፤ እሳቸው ሲጮኹ መዝሙሩ ቀጥ አለ።

“ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ የእናቴ ልጅ! ከገረሴ ወጥተህ ቀርተህ፣ አለህ እያልኩ ስጠብቅህ!”