የሚከራይ ቤት ከነመስኮቱ

ዳምጠው ጓደኛውን ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ «ያ ስትመኘው የኖርከው ቤት ሊከራይ ነው፤ አሁኑኑ እንየው» ብሎ እየጎተተ ወሰደው። ፒያሳ ካለ የድሮ ሕንጻ አናት ላይ፣ ጣሪያው የራቀ፣ የጣውላ ወለሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ቤት ነበር።

«እማዬ እዚህ ጋ ፀሐይ ትሞቃለች» አለ ጓደኛው፤ ጠዋት እታች ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ትቷት እንደወጣ እያሰበ። «ስልኬን መልስልኝ እስቲ፣ ልንገራት።»

«ቆይ፣ የኔ ባትሪ ዘግቷል» አለ ዳምጠው። ስልኩን ከወሰደበት ቆይቷል፤ ሲደውልበት ግን አላየውም። ቤቱን የሚያሳያቸው ሰው ደግሞ እንደ ደላላ አያጣድፍም፤ መታጠቢያ ቤቱን መልሶ መላልሶ ያሳያል። ሁለቱም ዓይኑን አያዩትም።

«ይሄን መጋረጃ ልግለጠው?»

«ተው፣ ተወው!» አለ ዳምጠው ደንግጦ። «መጀመሪያ ኩሽናውን እንይ።»

እሱ ግን ገለጠው። ሰፈሩ ከነቆርቆሮው ከታች ተዘርግቷል። የራሳቸውን ግቢ በሎሚው ዛፍ ለየው። ጎረቤቶቹ እዚያ ድንኳን እየተከሉ ነው። አክስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች።

ዳምጠው ከኋላው መጥቶ ወገቡን ጥብቅ አድርጎ ያዘው።