ባለ ክሩ ሻይ

ፀደንያ ውኃው እስኪንተከተክ ጠበቀች። ባለ ክር ሻይ ለብ ያለ ውኃ አይወድም፤ ቀለም እንጂ ጣዕም አይሰጥም። ይህን የሚያውቅ ሰው ማራኪ በሚባለው የከተማ ሠፈራቸው ሞልቷል። ሳሎን የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ማወቃቸውን ግን ተጠራጥራለች።

ሽማግሌዎቹ ከሳንጃ የመጡት በፍቅረኛዋ በአለነ ጉዳይ ነው። አንደኛው አባቱ አያ መልካሙ፣ ሁለተኛው ጎረቤታቸው አያ ሰውአገኝ ናቸው። የፀደንያ አባት አቶ አዳነ ለወራት ሲያንገራግሩ ከርመው፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ይምጡና ልስማቸው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለዚህ ጉዳይ በሬን የሚያንኳኳ እንዳይኖር ብለዋል። ቀኑ ዛሬ ነው። ዛሬ ካልሆነ፣ አለነን ማግባት የሚባል ነገር የለም።

አቶ አዳነ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ስልክ ተደወለላቸውና ወደ ግቢ ወጡ። እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጓዳ ሆነው ቀሚሳቸውን እየቀየሩ ነው። እንግዳ ፊት ባዶ ጠረጴዛ አይሆንም፣ ሻዩን አስቀምጪና ውጪ ብለዋታል። ፀደንያ አነጋገሩን አልወደደችውም። እናቷ ባላገሮቹ ፊት እንድትታይ ያልፈለጉ መሰላት። የባሰው ደግሞ፣ እሷም በሽማግሌዎቹ አፍራለች።

ባለፈው ወር ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ውስጥ፣ አንድ የገጠር ሰው የሻይዋን ከረጢት በጥርሱ ቀዶ ቅጠሉን ብርጭቆው ላይ አራገፈው። ካፌው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አጠገቧ የነበረው አለነ ግን አልሳቀም።

ስኒዎቹን አቀረበች፤ የፈላ ውኃ፣ በየስኒው ማስቀመጫ ላይ ከረጢቷ ከነክሯ፣ ስኳር። ሽማግሌዎቹ ውለጂ ክበጂ ብለው መረቋት። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

ከበሩ ጥግ ቆማ አየቻቸው። እንፋሎቱ እየሳሳ ሄደ። አያ መልካሙ ከረጢቷን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የምረቃ ፎቶ ዞሩ። አሁን አባቷ ይገባሉ፤ ሰውየው አባቷ ፊት ከረጢቷን ይቀዷታል።

ፀደንያ የፈላ ውኃ ይዛ ተመለሰችና አያ መልካሙ አጠገብ በርከክ አለች። የቀዘቀዘውን ለወጠች። ከረጢቷን ነከረች፤ ስኒውን በማስቀመጫው ከደነች፤ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ በክሯ ስባ አወጣቻት። አልጨመቀቻትም፤ ከተጨመቀች ትመራለች። ስኳሩን በመጨረሻ ጨመረች።

«እንዲህ ነው አባባ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፉት ይበሉልኝ።»

«ይቆየን ልጄ።»

«ምንም አይደል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጆሮዋ ጋለ። አያ ሰውአገኝ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በጓደኛቸው አፍረው ነው አለች በልቧ። ስኒውን በሁለት እጇ እንደዘረጋች ቀረች።

አያ መልካሙ የተዘረጋውን ስኒ አዩ። ጓደኛቸውን አዩ። ጓደኛቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ምነው ልጄ» አሉ አያ መልካሙ። «እንግዲህ አንቺን አሳፍሬስ የት እገባለሁ?»

ተቀበሏትና ጠጡት፤ ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው። ክሯን አልነኩም፤ በአፋቸውም ድምፅ አላሰሙም። ፀደንያን ከጧት ጀምሮ አንቋት የነበረው ሐፍረት ለቀቃት።

አቶ አዳነ ስልካቸውን ኪሳቸው እየከተቱ ገቡ። ፊታቸው ፈታ ብሏል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተከትለው መጡና ባዶውን ስኒ ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«እንግዲህ በደህና መጣችሁ» አሉ አቶ አዳነ። «ጉዳያችሁን እንስማ።»

አያ መልካሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጃችሁን ለልጄ ልንጠይቅ ነበር የመጣን» አሉ። «በደንባችን ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀምስም፤ እኔ ግን ከቤታችሁ ቀምሻለሁ፤ ከእንግዲህ መጠየቅ አንችልም። ሻዩስ ሸጋ ነበር።»